ድረ ገጹ አይከፍት፣ ዜናው አያረካ፦ ከሀዋሳ ለተላከ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሀዋሳ ነው። አዲስ አበባ የሚታተም አንድ ጋዜጣ ለብዙ ዓመት ሳነብ ኖሬያለሁ። ዋጋው ሲጨምርና እዚህ የሚደርሰውም ሲዘገይ ወደ ድረ ገጹ ዞርኩ። አሁን ግን ተማርሬያለሁ። ገጹ እስኪከፈት ዳታዬን ይጨርሳል። ማስታወቂያው ጽሑፉ ላይ ይደረባል። የዛሬ ስንት ዓመት ስለ ከተማችን የወጣ አንድ ዘገባ ብፈልግ የለም፤ ሆን ብለው ያጠፉት ነው የሚመስለኝ። ዜናው ደግሞ ሁሉም ‹ተገለጸ፣ ተጠቆመ› ነው። በቅርቡ የሰፈራችን የኮብልስቶን መንገድ ተጠናቆ አገልግሎት ጀመረ ብለው ጻፉ። ግማሹ አሁንም አፈር ነው። ከዜናው ሥር አስተያየት ሰጠሁ፣ ፌስቡካቸው ላይም ጻፍኩ፤ የመለሰልኝ የለም። ጋዜጣው ተሸጧል ማለት ነው? ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ልክሰሳቸው? ወይስ ማንበቡን ልተወው?»

ምላሽ፦

የተለያዩ ችግሮችን አንድ ላይ አስረው ነው የላኩልን። ካልተፈቱ መፍትሔያቸውም አይገኝም። ገጹን የሚያስተዳድረው ልጅ፣ ዜናውን የጻፈው ዘጋቢና አስተያየትዎን ማየት የነበረበት ሰው በብዙ ጋዜጣ ቤት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ የሌላውን ሥራ እምብዛም አያውቅም። ስለዚህ «ተሸጧል» የሚለውን ለጊዜው ያቆዩት። ጋዜጣ የሚሸጥበት ጊዜ የለም አልልም። ግን የተሸጠ ጋዜጣ ብዙ ጊዜ ድረ ገጹ ፈጣን፣ ፎቶውም ያማረ ነው። የሚያስነብብዎት ነገር አለዋ! የእርስዎ ጋዜጣ በሽታ ሌላ ነው። ድረ ገጹ የቤቱ የእንጀራ ልጅ ነው።

ምክንያቱ ገንዘብ ነው። የአማርኛ ጋዜጣ በአብዛኛው የሚኖረው በጨረታና በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ነው። አራት ኪሎ የጋዜጣ አከራዮቹን ቆም ብለው ቢያዩ ይገባዎታል። ጋዜጣ ተከራይቶ ድንጋይ ላይ ከተቀመጠው ወጣት ብዙው ርዕሰ አንቀጹን ዞር ብሎም አያየው። በቀጥታ ሥራ ማስታወቂያው ገጽ ላይ ነው። ማስታወቂያውን ያወጣው መሥሪያ ቤትም የሚከፍለው ለወረቀቱ ነው፤ የታተመውን ገጽ ቆርጦ ከፋይሉ ጋር ያያይዛል። ድረ ገጽ ላይ የሚገኘው ገቢ ከዚህ ጋር ሲተያይ ሽርፍራፊ ነው። የጋዜጣ ወረቀት ደግሞ ከውጭ በዶላር የሚመጣ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ሁሉ ሲወደድ ወረቀትም አልቀረለትም። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰው ገቢ የማያመጣው ክፍል ነው። ድረ ገጹ ላይ አንድ ልጅ ይቀራል። ያ ልጅ ዜና ይጭናል፣ ፎቶ ይጭናል፣ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል፣ የቢሮው ፕሪንተር ሲበላሽም የሚጠራው እሱ ነው።

ገጹ ዳታ የሚበላው ከዚህ የተነሳ ነው። ሆን ብሎ ያዘገየው የለም። ዛሬ በካሜራም ሆነ በጥሩ ስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ 4 ወይም 5 ሜጋባይት ይመዝናል። ለድረ ገጽ ሲዘጋጅ ወደ 150 ኪሎባይት ገደማ መውረድ ይችላል፤ ዓይን ልዩነቱን አይለየውም። የተጣደፈ ሰው ግን ፎቶውን እንዳለ ይጭነዋል። የፊት ገጹ ላይ አሥር እንዲህ ያለ ፎቶ ካለ፣ ገና አንድ ርዕስ ሳያነቡ 40 እና 50 ሜጋባይት ሄደ ማለት ነው። ላይዎ ላይ የሚደረበው ማስታወቂያም በጋዜጣው የተመረጠ ላይሆን ይችላል። ከዓለም አቀፍ የማስታወቂያ ድርጅቶች በቀጥታ የሚመጣ ነው፤ ለእርስዎ ስልክ የትኛው እንደሚታይ አዘጋጁም አያውቅም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። «ስልክዎ በቫይረስ ተጠቅቷል» ወይም «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል ነገር ብቅ ካለ መዝጊያዋን ምልክት ራሷን አይንኩ። ገጹን በሙሉ ዘግተው ይውጡ።

በእርስዎ በኩል ሊያደርጉ የሚችሉት ቀላል ነው። ከፊት ገጹ አይግቡ። ከጋዜጣው የቴሌግራም ቻናል የሚፈልጉትን ዜና ሊንክ ነክተው በቀጥታ ወደ ጽሑፉ ይሂዱ። ብራውዘርዎ የንባብ ገጽታ ካለው ያብሩት፤ ማስታወቂያውን አራግፎ ጽሑፉን ብቻ ያቀርብልዎታል። ኦፔራ ሚኒ የሚባለው ብራውዘርም ገጹን በራሱ ሰርቨር፣ ማለትም በድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ፣ አጭቆ ስለሚልክ ዳታ በእጅጉ ይቆጥባል። ገጹ በሌላ ሰው ሰርቨር በኩል የሚያልፍ ስለሆነ ግን ለዜና ብቻ ይጠቀሙበት፤ ለባንክና ለይለፍ ቃል አይሆንም። ቻናሉን ሲመርጡም የጋዜጣውን ሎጎ የለጠፈ ሁሉ ጋዜጣው አይደለም። ትክክለኛውን አድራሻ ከታተመው ጋዜጣ ወይም ከድረ ገጹ ግርጌ ይውሰዱ። በስማቸው የተከፈተ የሐሰት ገጽ የለጠፈውን አንብቦ ጋዜጣውን የሚረግም ሰው ብዙ ነው።

አሁን «ጠፋ» ወዳሉት ዘገባ ልምጣ። አብዛኛው ሰው በተሳሳተ መንገድ የሚረዳው ይህንን ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

የአማርኛ ድረ ገጽ ላይ ዘገባ ለመጥፋት ሳንሱር አያስፈልገውም። በራሱ ጊዜ ይጠፋል። መጀመሪያ ፍለጋውን እንይ። የከተማዎን ስም ጋዜጦች ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ ሃዋሳ፣ አዋሳ እያሉ ይጽፉታል። ለእኔና ለእርስዎ አንድ ከተማ ነው። ለድረ ገጹ የመፈለጊያ ሳጥን ግን አራት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ሳጥኑ የሚያየው ፊደሉን እንጂ ድምፁን አይደለም። «ሥራ» ብለው የፈለጉት «ስራ» ተብሎ የተጻፈውን አያመጣልዎትም። «ዓመት»ም እንደዚያው። ባለሙያ ቢመደብለት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ አድርጎ እንዲፈልግ ማዘዝ ከባድ ሥራ አይደለም፤ የሚመደብለት ግን የለም።

የክልሉም ስም ተቀይሯል። ሲዳማ ክልል የሆነው ኅዳር 2012 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ነው፤ ሥልጣን የተረከበው ደግሞ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ። ከዚያ በፊት የወጣው የሀዋሳ ዜና ሁሉ «ደቡብ ክልል» በሚል ርዕስ ሥር ነው የተመደበው። ያ ክልል ራሱ በ2015 መጨረሻ ተከፋፍሎ በድሮ ስሙና ቅርጹ አልቀረም። ድረ ገጹ ሲታደስ «ደቡብ» የሚለው ማውጫ አብሮ ተሰርዞ ከሆነ፣ ዘገባው መጋዘኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ በሩ ጠፍቷል ማለት ነው።

ቀኑም ያሳስታል። ድረ ገጹ የሚያስቀምጠው የወጣበትን ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ጽሑፉ ውስጥ ያለው በእኛ። በሰኔ 2016 ያነበቡት ዘገባ ድረ ገጹ ላይ 2024 ሥር ነው ያለው። በታኅሣሥ 2016 መጀመሪያ ያነበቡት ግን 2023 ሥር ነው። አንድ ዓመተ ምሕረት ለሁለት ተከፍሎ ማለት ነው።

ሊንኩ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በቴሌግራም የአማርኛ ሊንክ ሲላክልዎ በፐርሰንት ምልክት የተሞላ፣ ማለቂያ የሌለው ነገር አይተው ይሆናል። አንድ የግዕዝ ፊደል ወደ ኢንተርኔት አድራሻ ሲለወጥ 9 ምልክት ይሆናል። ብዙ ጋዜጦች የሚጠቀሙበት ወርድፕሬስ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ደግሞ ከርዕሱ የሚሠራውን አድራሻ 200 ምልክት ላይ ይቆርጠዋል። ይህ ከሃያ ፊደል ትንሽ ቢበልጥ ነው። «የሀዋሳ ከተማ አስተዳደር በበጀት ዓመቱ…» ብለው የሚጀምሩ ዜናዎች አድራሻቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ከኋላቸው ቁጥር እየተቀጠለ ይለያሉ። ድረ ገጹ ሲታደስ ወይም ወደ ሌላ ሰርቨር ሲዛወር ያ ቁጥር ከተዛባ የድሮው ሊንክ ባዶ ገጽ ላይ ይጥልዎታል። እርስዎ «አጠፉት» ይላሉ። ጋዜጣ ቤቱ መጥፋቱንም አያውቅም።

ሆን ተብሎ የሚነሳ ዘገባ የለም? አለ። ስልክ ተደውሎ፣ ማስታወቂያ ሰጪ አኩርፎ፣ ወይም ዘገባው ስህተት ሆኖ አዘጋጁ በዝምታ ያነሳበት ጊዜ አለ። በዝምታ ማንሳት ለእኔ ከስህተቱ የባሰ ነው። ግን ያንን ለመጠርጠር መጀመሪያ ሌላው መንገድ መሞከር አለበት። ጎግል ላይ የከተማውን ስም በአራቱም አጻጻፍ እየቀያየሩ ከጋዜጣው ድረ ገጽ ስም ጋር ይፈልጉ። የቆየ ሊንክ ካለዎት ደግሞ ኢንተርኔት አርካይቭ በሚባለው ድርጅት ዌይባክ ማሽን ውስጥ ያስገቡት። በነፃ ነው፤ የድሮ ገጾችን ቅጂ ያስቀምጣል። ሁሉንም አያገኝም፤ መሞከሩ ግን አይጎዳም። ከዛሬ ጀምሮ የሚያሳስብዎትን ዘገባ ራስዎ እዚያው እንዲቀመጥ ማዘዝ ይችላሉ። የስክሪን ፎቶም ያንሱ፤ ቀኑና አድራሻው እንዲታይ አድርገው። ያም ካልሆነ የታተመው አለ። ወመዘክር የሚባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የቆዩ ጋዜጦችን ይዟል፤ አዲስ አበባ ዘመድ ካለዎት ቀኑን ነግረው ሊያስፈልጉት ይችላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ አንባቢ አያውቀውም። የታተመው ጋዜጣና ድረ ገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት የሚለዩበት ዩኒኮድ የተባለው መለያ ሥርዓት የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉ የኮምፒውተር መጻፊያዎች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የሚተኩ ነበሩ። በእነዚህ የድሮ መጻፊያዎች የተለቀመ ገጽ ኮፒ ተደርጎ ድረ ገጽ ላይ ቢለጠፍ ትርጉም የሌለው የላቲን ዝብርቅርቅ ነው የሚወጣው። መቀየሪያ ፕሮግራም አለ፤ ግን አንዳንድ ፊደልና ቁጥር ይበላል። ይህንን ለመሸሽ የድረ ገጹ ልጅ ዘጋቢው መጀመሪያ የሰጠውን የወርድ ፋይል ይወስዳል። አዘጋጁ ግን ማታ የገጽ ቅንብሩ (ሌይአውት) ላይ ቁጭ ብሎ አኃዙን አስተካክሏል፣ አንድ አንቀጽ አውጥቷል፣ ርዕሱን ቀይሯል። ያ ሁሉ እርማት ወረቀቱ ላይ ቀረ። ድረ ገጹ ላይ የወጣው ያልታረመው ነው። ቅሬታ ከማቅረብዎ በፊት ያንን ዜና በታተመው ጋዜጣ ላይ ይዩት። ወረቀቱ ላይ ትክክል ከሆነ ጉዳዩ የአንድ ስልክ ጥሪ ነው።

ወደ ዘገባው ስንመጣ ያማረሩት ትክክል ነው። «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተባለ» የሚሉት ቃላት ተናጋሪውን ይደብቃሉ። ማን ገለጸ? ለማን? መቼ? ዘጋቢው አየው ወይስ ነገሩት? አንዳንዴ ይህ አጻጻፍ መከለያ ነው። በ2006 መጨረሻ አምስት መጽሔቶችና አንድ ጋዜጣ በአንድ ጊዜ ሲከሰሱ፣ አሳታሚና አዘጋጅ አገር ጥሎ ሲሰደድ ያየ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ጠንቀቅ አድርጎ ቢጽፍ አልፈርድበትም። ለአንድ የኮብልስቶን መንገድ ግን መከለያ አያስፈልግም። እዚህ ላይ ምክንያቱ ስንፍና እና የመንገድ ወጪ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሆነው። ጋዜጣው ያለው አዲስ አበባ ነው። ሀዋሳ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ቋሚ ዘጋቢ በየክልል ከተማው ያለው የግል ጋዜጣ በጣት የሚቆጠር ነው። ዜናው የሚመጣው ከከተማው ኮሙኒኬሽን ቢሮ በሚላክ መግለጫ ወይም አውደ ጥናትና ጉብኝት ሲዘጋጅ ነው። ጉብኝት ከሆነ መኪናው የጋባዡ መሥሪያ ቤት ነው፣ ምሳው የጋባዡ ነው፣ የዘጋቢው ውሎ አበልም ብዙ ጊዜ ከጋባዡ ነው። ይህንን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በአደባባይ ግን ብዙም አይነገርም። ደሞዙ ትንሽ የሆነ ዘጋቢ በጠዋት ወስዶ በማታ ለመለሰው ሰው «አሁን ደግሞ ያላስጎበኛችሁኝን የመንገዱን ጫፍ አሳዩኝ» ማለት ይከብደዋል። መኪናው የቆመበት ቦታ ላይ ያለው መንገድ ደግሞ ያለቀ ነው።

በእርስዎ ዜና ላይ የተፈጠረው ምን ሊሆን እንደሚችል ልንገርዎ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሪፖርት የሚያደርገው ከእቅዱ አንጻር ነው። አጠቃላይ መንገዱ 4 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ለዚያ በጀት ዓመት የታቀደው 2 ኪሎ ሜትር ነበር። ሁለቱ ኪሎ ሜትር ከተነጠፈ የሪፖርቱ ሠንጠረዥ ላይ «አፈጻጸም 100 በመቶ» ተብሎ ይሞላል። ኮሙኒኬሽን ቢሮው ይህንን ይዞ «የኮብልስቶን ሥራው ተጠናቀቀ» ይላል። ዘጋቢው ደግሞ «መንገዱ ተጠናቆ አገልግሎት መስጠት ጀመረ» ብሎ ያሳምረዋል። በየደረጃው ትንሽ ተቀባብቶ ነው እርስዎ ጋ የደረሰው፤ ሆን ብሎ የዋሸ ሰው ላይኖር ይችላል። አንድ ዘጋቢ «ጠቅላላ ርዝመቱ ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ያሉትን «ተጠናቀቀ» የሚሉ ዜናዎች በተለይ በጥርጣሬ ያንብቧቸው። የወቅቱ ምርት ናቸው።

ስለዚህ ሲያነቡ መጀመሪያ የሚናገረውን ሰው ይፈልጉ። ስምና ኃላፊነት ካለው ቢያንስ የሚጠየቅ አለ። ከዚያ ከኃላፊው ሌላ ሁለተኛ ድምፅ አለ ወይ ይበሉ፤ ነዋሪ፣ ተቋራጭ፣ ተጓዥ። ከሌለ ያነበቡት መግለጫ ነው፤ መግለጫነቱን አውቀው ከወሰዱት ጥቅም አለው። ቢሮው ምን ቃል እንደገባ በቀኑ ተመዝግቦልዎታልና።

ቅሬታው ያልተመለሰልዎት የተሳሳተ በር ስላንኳኩ ነው። ከዜና ሥር ያለው የአስተያየት ቦታ በአይፈለጌ መልእክት የተጨናነቀ ነው፤ ብዙ ጋዜጣ ቤት ማንም ሳያየው ወራት ያልፋሉ። ፌስቡኩን የያዘው ያው አንድ ልጅ ነው። እርማት የማዘዝ ሥልጣን የለውም፤ ዘጋቢውን ማናገርም ያስፈራዋል። ሥልጣኑ ያለው ዋና አዘጋጁ ጋ ነው። ስሙና የዝግጅት ክፍሉ አድራሻ ጋዜጣው ውስጥ ታትሟል።

የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ጋ መሄዱን አልመክርም። በግልጽ ነው የምናገረው። ባለሥልጣኑ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 የሚመራ ተቆጣጣሪ ነው፤ ሥራው ምዝገባ፣ ፈቃድና የሕግ ጥሰት ነው። የአንድ መንገድ ዜና ለማሳረም መንግሥትን በጋዜጣ ላይ መጥራት ለትንሿ ስህተት ትልቅ ዱላ ማቀበል ነው። ፍርድ ቤትም አይሆንም። እርስዎ በግል ስምዎ አልተነሳም፣ አልተጎዳም። መልስ የመስጠት መብት የሚባለውም በዘገባው ስሙ ለተነካ ሰው የተሰጠ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት እርማት ነው፤ እርማት ደግሞ በማስረጃ የሚገኝ ነገር ነው።

የማደርገው ይህንን ነው። ለዋና አዘጋጁ አጭር ደብዳቤ በኢሜይል እጽፋለሁ፤ የታተመ ቅጂ ደግሞ በፖስታ ወይም በሰው። አንድ ስህተት ብቻ። የዳታውን፣ የማስታወቂያውን፣ የ«ተገለጸ»ውን ነገር እዚህ አልጨምርም። ሦስት ገጽ ምሬት የሚጽፍ አንባቢ ደብዳቤው ይነበባል፣ ይሳቅበታል፣ ይቀመጣል። የዜናውን ርዕስና የወጣበትን ቀን፣ ስህተት የሆነውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል፣ እውነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ሦስት ወይም አራት ፎቶ። ፎቶው ላይ ሰፈሩን የሚያሳውቅ ነገር ይኑር፤ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ የታወቀ ሱቅ። የአፈር ፎቶ ብቻውን የትም ሊሆን ይችላል። ሲያነሱ ግን የፖሊስና የመንግሥት ጥበቃ ያለበትን ቦታ ያስወግዱ፤ ለኮብልስቶን ብለው ጣጣ ውስጥ አይግቡ። በመጨረሻም የሚፈልጉትን በግልጽ ይጻፉ፦ ዘገባው እንዲነሳ ሳይሆን ድረ ገጹ ላይ እርማቱ ከነቀኑ እንዲጻፍበት። ዘገባው ከተነሳ ማስረጃዎም አብሮ ጠፋ።

ስልክም ይደውሉ። ሳምንታዊ ከሆነ በሕትመት ዋዜማ አይደውሉ፤ ማንም አይሰማዎትም። ጋዜጣው ከወጣ በኋላ ባለው ቀን ረፋድ ላይ ዝግጅት ክፍሉ ሰላም ነው። የዘጋቢውን የግል ስልክ አግኝተው ከሆነ ለራስዎ ይያዙት። ፌስቡክ ላይ የለጠፉት እንደሆነ ትክክለኛው ቅሬታዎ ራሱ ጥፋት ይሆናል።

ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቀው ምንም ካልመጣ ቀጣዩ በር የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ምክር ቤት ነው። በ2008 የተመሠረተ፣ መገናኛ ብዙኃኑ ራሳቸው በራሳቸው የሚቆጣጠሩበት ማኅበር ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። ደብዳቤዎንና የላኩበትን ቀን አያይዘው ያቅርቡ። ወሰኑንም ይወቁት፤ ኃይሉ የሙያ ተጽዕኖ ነው፣ ማንንም አስገድዶ አያሳትምም። ጋዜጣው አባል ካልሆነ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔ የበለጠ የምተማመንበት ሌላ መንገድ አለ፤ አንባቢዎች አይጠቀሙበትም። ስህተቱ የተወለደው ጋዜጣው ቤት አይደለም፣ ማዘጋጃ ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል። ምክንያቱን እንዲናገር አይገደድም። መልስ መሰጠት ያለበት በ30 ቀን ውስጥ ነው። ለከተማው አስተዳደር ሕዝብ ግንኙነት በጽሑፍ ያስገቡ፦ የመንገዱ ጠቅላላ ርዝመት ስንት ነው፣ ለዚህ በጀት ዓመት የታቀደው ስንት፣ የተነጠፈው ስንት፣ ቀሪው መቼ ይሠራል። ቅጂው ላይ «ገቢ» የሚል ማኅተምና ቁጥር ሳያስደርጉ አይውጡ። ዝም ካሉ ቅሬታው የሚቀርበው ለእንባ ጠባቂ ተቋም ነው። በተግባር ሁልጊዜ በ30 ቀን ይመለሳል ብዬ አልዋሽዎትም፤ የሚጉላላ ሰው አለ። ግን ማኅተም ያረፈበት ጥያቄዎ ራሱ ዜና ነው። መልሱ ከመጣ ደግሞ ከፎቶዎችዎ ጋር አድርገው ለዚያው ጋዜጣ ይላኩት። ለዘጋቢ በእጁ ሰነድ ያቀበለ አንባቢ ስልኩ ይመዘገባል። ሀዋሳ ላይ ሰው የሌለው ጋዜጣ አንድ ሰው አገኘ ማለት ነው።

ማንበቡን ይተዉት ወይ ላሉት፣ አይተዉት። ግን አነባበብዎን ይቀይሩ። ድረ ገጹን ለዕለት ዜና አይጠቀሙበት፤ ለዚያ አይመችም። የሚያስፈልግዎትን ዘገባ በቀጥታ በሊንክ ያንብቡ። ሙሉውን ጋዜጣ ማንበብ ሲያምርዎ፣ የታተመውን ገጽ በፒዲኤፍ የሚያወጡ ከሆነ ዋይፋይ ባለበት ያውርዱት፤ አዘጋጁ ያረመው እሱን ነው። ወረቀቱን መግዛት ከከበደዎት ከሁለት ጎረቤት ጋር ተዋጥተው ይግዙት። ሀዋሳ ላይ ሦስት ሰው መግዛቱን ሲተው አከፋፋዩም ማምጣቱን ይተዋል።

ደብዳቤውን ከመላክዎ በፊት ዜናውን አንድ ጊዜ መልሰው ያንብቡትና ይህንን ያጣሩ። ዘጋቢው የጠቀሰው መንገድ የእርስዎ መንገድ መሆኑን በምን አወቁ? ክፍለ ከተማውን ብቻ ጠቅሶ ከሆነ በዚያ ክፍለ ከተማ ሌላ ያለቀ የኮብልስቶን መንገድ ሊኖር ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ቅሬታዎ ይለወጣል። «ውሸት ጻፋችሁ» ሳይሆን «የትኛው መንገድ እንደሆነ አልጻፋችሁም» ይሆናል። ጥያቄውም የሚሆነው ከየት እስከ የት እንደሆነ ድረ ገጹ ላይ እንዲጨምሩበት ነው።